ሐምሌ ሜልበርን ላይ ብርድ ነው ወይስ ሙቀት?

የአራዳዋ እናት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ሜልበርን ልትወልድ ስለሆነ ላርሳት ሐምሌ መጀመሪያ ላይ እሄዳለሁ። እህቴ ቨርጂንያ ነው የምትኖረው፤ ሐምሌ በደወልኩ ቁጥር «ሙቀቱ ገደለኝ» ትላለች። እኔም ቀለል ያለ ልብስ ሸክፌ ጨረስኩ። ልጄ ደግሞ «እማዬ፣ ካፖርት ያዢ» አለችኝ። ውጭ አገር ሐምሌ በጋ አይደለም እንዴ? እርጉዝ ስለሆነች ይሆናል የሚበርዳት ብዬ ዝም አልኳት።

የፉትስክሬይ ልጅ፦ እናቴ፣ ልጅዎ እውነቷን ነው። እዚህ ሐምሌ የለየለት ብርድ ነው። ቀኑ 14 ዲግሪ ገደማ፣ ሌሊቱ 6 ወይም 7። ዝናቡ እንኳ ከአዲስ አበባ ሐምሌ በጣም ያንሳል። የሚያስመርረው ንፋሱና ጨለማው ነው። የሚነጋው ወደ 1 ሰዓት ተኩል፣ ፀሐይ የምትገባው 11 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ነው። ቤቱ የድሮ የእንጨት ቤት ከሆነ ደግሞ ብርዱ አብሮዎት ያድራል። ለጥምቀት ቢመጡ ኖሮ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍ ቀን ሊገጥምዎ ይችል ነበር።

የአራዳዋ እናት፦ ፀሐይዋ አንድ አይደለች? ቨርጂንያን ስታቃጥል ከእናንተ ትርቃለች?

ጠመኔ፦ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ነገሩ የርቀት አይደለም። እንዲያውም ምድር ከፀሐይ በጣም የምትርቀው እርስዎ በሚሄዱበት ሰሞን ነው፤ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ። ገና አካባቢ 147 ሚሊዮን ላይ ትደርሳለች፣ ቨርጂንያ ግን ያኔ ነው የምትንቀጠቀጠው። ምክንያቱ ምድር 23.5 ዲግሪ ያህል ማዘንበሏ ነው። ሐምሌ ላይ ሰሜኑ ወደ ፀሐይ ያዘነብላል፣ ቀኑም ይረዝምለታል። ሜልበርን ላለችበት ለደቡቡ ተቃራኒው ነው። እኛ ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ ቀንና ሌሊታችን ብዙም አይበላለጥም። ወቅታችንን የሚለየው ዝናቡ ነው።

ያቤሎ፦ ዝናቡም ቢሆን የሁላችንም አንድ አይደለም፣ መምህር። ቦረና ውስጥ ሐምሌ አዶሌሳ ነው፤ ደረቅና ቀዝቃዛ። ዋናው ዝናባችን ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ቴሌቪዥኑ «ክረምቱ ገባ» ሲል እኛ ለከብቱ ውሃ እያሰብን ነው።

የአራዳዋ እናት፦ ተባረኩ ልጆቼ። ካፖርቱን መርካቶ እፈልጋለሁ። ጋቢስ ልያዝ? በርበሬስ?

የፉትስክሬይ ልጅ፦ ጋቢ ሁለት ይያዙ፣ አንዱ ለአራሷ። የሚበላ ነገር ከያዙ ግን በርበሬም ይሁን ሌላ፣ ሲገቡ በሚሞላው ቅጽ ላይ ያስመዝግቡ። ካላስመዘገቡ ቅጣቱ ከባድ ነው።