በኅትመት ውስጥ የቀለም ነጥቦች ረድፍ ለምን ያዘነብላል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በኦፍሴት የታተመ የመጽሔት ፎቶግራፍ በማጉያ መነጽር ስመለከት፣ ምስሉ በሙሉ የሲያን (አረንጓዴ ቀመስ ሰማያዊ)፣ የማጀንታ (ሐምራዊ ቀመስ ቀይ)፣ የቢጫና የጥቁር ነጥቦች ድርድር ሆኖ አገኘሁት። የጥቁሩ ረድፍ በ45 ዲግሪ ያዘነበለ ሲሆን የቢጫው ግን ከገጹ ጠርዝ ጋር ትይዩ ነው። ይህ የማሽኑ ጠባይ ነው ወይስ ታስቦበት የተደረገ?

መልስ 1፦
ታስቦበት ነው፤ ምክንያቱም ያለው በዓይናችን ላይ ነው። የሰው ዓይን ጥቃቅን መስመሮችን የመለየት አቅሙ ለአግድምና ለቁም መስመሮች የበረታ፣ ለሰያፎቹ ደግሞ ደከም ያለ ነው። ስለዚህ በነጭ ወረቀት ላይ ከሁሉም ጎልቶ የሚታየው ጥቁር በ45 ዲግሪ ይቀመጣል፤ ከነጭ ብዙም የማይለየው ቢጫ ግን በ0 ዲግሪ ቢሆንም ረድፉን ልብ የሚል የለም። ሲያንና ማጀንታ አብዛኛውን ጊዜ 15 እና 75 ዲግሪ ስለሚሰጣቸው ሦስቱ ደማቅ ቀለሞች በ30 ዲግሪ ይራራቃሉ፤ በዚህም ድርድሮቹ ሲደራረቡ የሚፈጠረው ሞይሬ የተባለው ሞገድ መሰል ጥለት በጣም ይደቅቃል። ቢጫ ከጎረቤቶቹ የሚርቀው በ15 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ሞይሬ መፍጠሩ አይቀርም፤ ሆኖም ፈዛዛ ስለሆነ ያመልጠናል።

መልስ 2፦
በማዕዘኑ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ነጥቦቹን በዋናነት የሚሰውራቸው ርቀት ይመስለኛል። ጤናማ ዓይን ለይቶ የሚያየው ትንሹ ዝርዝር የአንድ ዲግሪ ስድሳኛ ያህል ነው፤ ይህም በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ወደ 0.09 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። በኢንች 150 ረድፍ ባለው ኅትመት ከአንድ ነጥብ መሃል እስከሚቀጥለው መሃል 0.17 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ነጥቡና ክፍተቱ ለየብቻቸው ሲታዩ በዚሁ ወሰን ላይ ይወድቃሉ። በኢንች 85 ረድፍ በሚታተም ጋዜጣ ላይ ግን ነጥቦቹን ያለ መነጽርም ማየት ይቻላል።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። በኢንክጄት (ቀለም በሚረጭ ማተሚያ) የታተመውን ስመለከት ግን ምንም ረድፍ አላየሁም፤ ነጥቦቹ የተበተኑ ናቸው። እዚያስ ማዕዘኑ ለምን አላስፈለገም?

መልስ 1፦
ኢንክጄት በአብዛኛው ቋሚ ድርድር ስለማይጠቀም ነው። ፍሎይድና ስታይንበርግ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1976 ባሳተሙት ስልት፣ አንድ ፒክስል (የዲጂታል ምስል ትንሿ ክፍል) ወደ ነጥብ ወይም ወደ ባዶ ሲጠጋጋ የሚፈጠረው ስሕተት ገና ላልተሠሩት ጎረቤቶቹ ይከፋፈላል። የሚቀረው ግድፈት በጣም ደቃቅና ሥርዓት አልባ ስለሚሆን፣ ዓይን ነጥቦቹን ትቶ አማካዩን ግራጫ ያያል። ጄፔግ የተባለው የምስል ፋይልም ብዙውን ጊዜ ብርሃኑን በሙሉ ዝርዝር ሲይዝ ቀለሙን በአግድምም በቁመትም በግማሽ የሚቀንሰው፣ ዓይናችን በቀለም ልዩነት ብቻ የተሠራ ደቃቅ ዝርዝርን የመለየት አቅሙ ዝቅተኛ ስለሆነ ነው።