ለሕክምና ተማሪዎች የአእምሮ ጤና ድጋፍ በኦንላይን፦ ከየት እንጀምር?

ሸዋ በር፦
ጤና ይስጥልኝ። ሐረር የምንማር የሕክምና ተማሪዎች ድሬዳዋ ካሉ ጓደኞቻችን ጋር ሆነን፣ በትምህርት ጫና ለሚቸገሩ ተማሪዎች በኦንላይን ድጋፍ የሚሰጥ ፕሮግራም ለመጀመር አስበናል። አንዱ ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ዱቲ (ተረኛ) ሲገባ ሌላው ድሬዳዋ ድል ጮራ ሆስፒታል ራውንድ (የሕሙማን ጉብኝት) ላይ ስለሚሆን በአካል መገናኘቱ አልሆነልንም። ባለፈው ሴሚስተር ስለ ጭንቀት በዙም ትምህርት ተሰጥቶ ነበር፤ ሁሉም ካሜራውን ዘግቶ ሰማ፣ ጥያቄ የጠየቀ አልነበረም፣ ማታውን ግን በርካታ ልጆች በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። አሁን የጉግል ፎርም መጠይቅ በትነን የተማሪውን ሁኔታ ለማወቅ፣ ከዚያም በየሳምንቱ ትምህርት ለመስጠት አቅደናል። አካሄዳችን ትክክል ነው ትላላችሁ?

ከዚራ፦
ድሬዳዋ ኢንተርን (ተለማማጅ ሐኪም) ነኝ። በውስጥ መስመር የጻፉልህ ልጆች መልሱን ሰጥተውሃል፤ ዝም ያሉት የሚናገሩት አጥተው ሳይሆን፣ ከተዘጉት ካሜራዎች ጀርባ ማን እንዳለ ስላላወቁ ነው። ነገ ዋርድ ላይ የሚያፋጥጠው ሬዚደንት (ስፔሻሊቲ የሚማር ሐኪም) ወይም የአታችመንት (የሆስፒታል ልምምድ) ውጤቱን የሚሞላው መምህር እዚያው ካለ፣ «እንቅልፍ አጥቻለሁ» ብሎ አፉን የሚከፍት ተማሪ አይገኝም። ስለዚህ ከይዘቱ በፊት መድረኩን አስቡበት። የቴሌግራም ግሩፕ አባላት እርስ በርስ ይተያያሉ፤ በቻናል ግን የተከታዮቹን ዝርዝር የሚያዩት አስተዳዳሪዎቹ ብቻ ናቸው። እንግዲህ አስተዳዳሪው በማንም ተማሪ ውጤት ላይ እጁ የሌለበት ሰው መሆን አለበት ማለት ነው። ሳምንታዊ የቀጥታ ትምህርቱ ግን ቢቀር ይሻላል፤ ከዱቲ የወጣ ሰው ዳታውን ጨርሶ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ አይከታተልም፣ አጭር የድምፅ መልእክት ግን ተኝቶም ይሰማል።

የአእምሮ ጤና ባለሙያ፦
በከዚራ ሐሳብ እስማማለሁ፤ እኔን ያሳሰበኝ መጠይቁ ነው። ምናልባት ልትጠቀሙበት ያሰባችሁት የድባቴ መለያ የሆነውን ፒኤችኪው-9 ይሆናል። መጠይቁ ያለፉትን 2 ሳምንታት የሚመለከቱ 9 ጥያቄዎች አሉት፤ የመጨረሻው ሞትን መመኘትንና ራስን የመጉዳት ሐሳብን ይመለከታል። ስም በሌለው ፎርም ላይ አንድ ልጅ ለዚህ ጥያቄ «በየቀኑ ማለት ይቻላል» ብሎ ቢመልስ፣ አደጋ ላይ ያለ ሰው መኖሩን ታውቃላችሁ፣ ማን እንደሆነ ግን አታውቁም። በዚያው ቀን መልስ የሚሰጥና ወደ ሕክምና የሚያደርስ ሰው ሳይመደብ መጠይቁ ባይበተን ይመረጣል።

ደግሞስ ችግሩ መኖሩን ለማረጋገጥ አዲስ መጠይቅ አያስፈልግም። በ2016 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመና የብዙ አገሮችን ጥናቶች ያጠቃለለ ትንተና፣ ከሕክምና ተማሪዎች 27.2 በመቶው ድባቴ ወይም የድባቴ ምልክቶች እንዳሉባቸው፣ ከእነዚህም ሕክምና የፈለጉት 15.7 በመቶ ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል። ጉልበታችሁን በዚህ ክፍተት ላይ ብታውሉት ይሻላል፤ ተማሪው ማንን፣ የት፣ በስንት ሰዓት ማግኘት እንደሚችል በግልጽ ይጻፍለት። ለይዘቱ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውን፣ ሰልፍ ሄልፕ ፕላስ የተባለውን ጭንቀትን የመቋቋሚያ ትምህርት ተመልከቱ፤ በ5 ክፍል በድምፅ የተቀረጸ ሲሆን፣ ሥልጠና የወሰደ ማንኛውም ሰው፣ ባለሙያ ባይሆንም፣ ሊመራው ይችላል።

ሳቢያን፦
አንድ ነገር ልጨምር። እኛ አገር ስለ ተማሪ እንቅልፍ ተነሥቶ ጫትን መዝለል አይቻልም። ለፈተና ሲቅም አምሽቶ፣ በምርቃና ሌሊቱን አንብቦ፣ ጠዋት ራውንድ ላይ እጁ እየተንቀጠቀጠ ኬዝ (የታካሚ ታሪክ) የሚያቀርብ ልጅ «ለስምንት ሰዓት ያህል ተኛ» ቢባል ይስቃል። ያለ ወቀሳ፣ የጫት አነቃቂነት ከጭንቀትና ከእንቅልፍ ማጣት ጋር ያለውን ግንኙነት የሚያስረዳ አንድ የድምፅ ክፍል ይኑራችሁ።

ሸዋ በር፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መጠይቁን ለጊዜው ትተነዋል። ባለሙያው ፈቃደኛ ከሆኑ፣ አስተዳዳሪ የሚሆነው ሰው ሊያውቃቸው ስለሚገቡት የአደጋ ምልክቶች በውስጥ መስመር ልጠይቅዎ እወዳለሁ።