ፒኤስኤልኤፍ 74 ወር ተቆጥሮልኛል፤ ፒኤችዲ ልጀምር ወይስ 120ውን ልሙላ?

የማታ ሺፍት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ ለትርፍ ባልቆመ ሆስፒታል ሙሉ ሰዓት እሠራለሁ። 60,000 ዶላር ዳይሬክት ሎን (የፌዴራል መንግሥት የተማሪ ብድር) አለብኝ፤ ወለዱ 6 በመቶ ነው። በአይቢአር (በገቢ የሚመጠን ወርሃዊ ክፍያ) እየከፈልኩ፣ ለመንግሥትና ለትርፍ ላልቆሙ ተቋማት ሠራተኞች ከ120 ወር ክፍያ በኋላ ቀሪውን ብድር በሚሰርዘው በፒኤስኤልኤፍ 74 ወር ተቆጥሮልኛል። አሁን በሕዝብ ጤና ፒኤችዲ መጀመር አስቤ ነበር። ትምህርት ከገባሁ የተቆጠረው ይጠፋል? ወይስ የቀረኝን 46 ወር ልታገሥ? እህታችሁ ነኝ።

ወለድ ቆጣሪ፦
አይጠፋም እህቴ፤ 120ው በተከታታይ መሞላት የለበትም። ችግሩ ሌላ ነው። በግማሽ ሰዓት ተማሪነት (ሃፍ-ታይም) ወይም ከዚያ በላይ ስትመዘገቢ ዩኒቨርሲቲው ሪፖርት ያደርጋል፤ ሰርቪሰሩም (ክፍያሽን የሚቀበለው ኩባንያ) ሳይጠይቅሽ ብድሩን ኢን-ስኩል ዲፈርመንት (ተማሪ ሳለሽ ክፍያ የሚቆምበት ሁኔታ) ውስጥ ይከተዋል። ቢል ሲቀር ሰው እፎይ ይላል፤ ያ ወር ግን አይቆጠርም። ሥራሽን ሳትለቂ የምትማሪ ከሆነ፣ ዲፈርመንቱ ተነሥቶ በአይቢአር መክፈል እንደምትቀጥዪ ለሰርቪሰሩ በአካውንትሽ በኩል ጻፊ። ምዝገባሽ በየተርሙ እንደገና ስለሚላክ ተመልሶ ሊገባ ይችላል። የብድሩን ሁኔታ በየተርሙ መጀመሪያ እዪ፤ አውቶፔይ አለኝ ብለሽ አትዘናጊ።

ዲሲ 30 ሰዓት፦
ሥራ ለቅቀሽ ከገባሽ ሒሳቡ ይለወጣል። አሲስታንትሺፕ (ተማሪ ለዩኒቨርሲቲው የሚሠራው ሥራ) አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 20 ሰዓት ነው፤ ፒኤስኤልኤፍ የሚፈልገው በአማካይ 30 ነው። ሆስፒታልሽ በፐርዲየም (በተፈለግሽ ጊዜ የምትሠሪው) 10 ሰዓት ቢሰጥሽ ሁለቱ ይደመራሉ፤ ሁለቱም ቀጣሪዎች የፒኤስኤልኤፍ የሥራ ማረጋገጫ ፎርሙን መፈረም አለባቸው። ዩኒቨርሲቲው ስታይፔንዱን በፌሎውሺፕ ከፍሎ ደብልዩ-2 (የሠራተኛ ደመወዝ የታክስ ቅጽ) ካልሰጠሽ ግን እንደ ሠራተኛ አትቆጠሪም፤ ሰዓቱም ከንቱ ነው።

በዲፈርመንት ሳትከፍዪ ከተማርሽ ወለዱ በዓመት 3,600፣ በአምስት ዓመት 18,000 ይሆናል። ብድሩ አንሰብሲዳይዝድ (ተማሪ ሳለሽም ወለድ የሚቆጥርብሽ) ከሆነ ዲፈርመንቱ ሲያልቅ ዋናው ላይ ይጨመራል። ተመልሰሽ በመንግሥት ወይም ለትርፍ ባልቆመ ተቋም 46ቱን ከሞላሽ አብሮ ይሰረዛል። ከፒኤችዲ በኋላ መድኃኒት ኩባንያ ከገባሽ ግን 78,000ው የራስሽ ዕዳ ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምመልሰው ጥያቄ ይሄ ነው።

ወለድ ቆጣሪ፦
አዲስ ብድርንም አስቢበት። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ግራድ ፕላስ (ለድኅረ ምረቃ ተማሪ የሚሰጠው ተጨማሪ የፌዴራል ብድር) የለም፤ ለፒኤችዲ የሚፈቀደው በዓመት 20,500፣ በጠቅላላው 100,000 ነው። ከዚያ ቀን በኋላ አዲስ ከወሰድሽ የአሮጌው ብድርሽም አይቢአር ይቀርና ወደ ራፕ (አዲሱ በገቢ የሚመጠን የክፍያ ዕቅድ) ትገፊያለሽ። ራፕም ለፒኤስኤልኤፍ ይቆጠራል፤ አዲሱ ብድር ግን ከዜሮ ይጀምራል። ሁለቱን ኮንሶሊዴት ማድረግማ (ወደ አንድ ብድር መቀላቀል) አይታሰብ! 74 የተቆጠረለትን 60,000 ካልተቆጠረለት 40,000 ጋር ብትቀላቅዪ፣ ቆጠራው በብድሩ መጠን ተመዝኖ ወደ 44 ይወርዳል።

ይልቅ ኤችአር ጋ ሂጂ፤ ቀጣሪ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ከታክስ ነፃ ለትምህርት መክፈል ይችላል።

የማታ ሺፍት፦
በተርም አንድ ኮርስ ብቻ ብወስድስ?

ዲሲ 30 ሰዓት፦
ከግማሽ ሰዓት በታች ከሆነ ዲፈርመንት አይመጣም። ስንት ክሬዲት ግማሽ ሰዓት እንደሚባል ግን ሬጂስትራሩን ጠይቂ፤ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል። ኮርስ ጨርሰሽ ዲሰርቴሽን ላይ ስትደርሺ ደግሞ በ1 ክሬዲት ብቻ ተመዝግበሽም ሙሉ ሰዓት ተማሪ ብለው ሊልኩሽ ይችላሉ። ያኔም ያንኑ ደብዳቤ ለሰርቪሰሩ መጻፍ ነው።