ኪኒን እየወሰዱ ቁልቢ መሳለም፦ እናቴን ምን ልበላት?

የከዚራዋ፦
ሰላም ድሬዎች። ታናሽ ወንድሜ የሚጥል በሽታ አለበት። ፌኖባርቢታል የሚባለውን ኪኒን ከጀመረ ወዲህ ደህና ነው፣ ትምህርቱንም ይዟል። እናታችን ለታህሳስ 19 በእግር ቁልቢ ልትወስደው ተስላለች። በሱ ቅር አይለኝም፣ እኔም አብሬ እሄዳለሁ። ጣጣው የመጣው ሰፈር ውስጥ ጠበል ከሚያስጠምቁት አንዱ "ኪኒንና ጠበል አይስማሙም፣ እምነት ካለሽ አስቁሚው" ስላሏት ነው። ከትናንት ጀምሮ ኪኒኑን ቡፌ ውስጥ ቆልፋበታለች። ስናገራት "ገብርኤልን ትጠራጠሪያለሽ?" ትለኛለች። ሳላስቀይማት ምን ልበላት?

ነርስ ከሐረር፦
እህቴ፣ ክርክሩ ይቆይና ኪኒኑን ዛሬውኑ አስወጪ። የዘለለው ስላለም የሚከታተለውን ሐኪም አማክሪ። ፌኖባርቢታል በአንዴ ሲቆም በሽታው ከበፊቱ ብሶ ይመጣል፣ አንዱ ሳይለቀው ሌላው የሚቀጥልበት ጊዜ አለ፣ ይሄ ደግሞ ይገድላል። መቆም ካለበት እንኳ ሐኪም ነው ቀስ በቀስ የሚቀንሰው። የነቢያት ጾም ነው የምትል ከሆነ ደግሞ ይሄ መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ማታ ሊተኙ ሲሉ የሚዋጥ ነው፣ ጾሙን አይነካም።
እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ከድሬ የደንገጎን ዳገት በእግር መውጣት፣ ከዚያ ማኅሌት ቆሞ ማደር። ድካምና እንቅልፍ ማጣት ብቻውን ይጥለዋል። በመኪና ይውጣ፣ ሌሊት ይተኛ፣ ጠዋት ይሳለም። ጠበል ሲጠመቅም ብቻውን ገንዳ እንዳይገባ። በብዛት ጠጥቶ የሚያስታውከው ከሆነ ጠበሉንና የኪኒኑን ሰዓት አራርቁት።

ምክንያታዊው፦
እኔ ግን ይሄ ሁሉ ማባበል አይገባኝም። በሽታው የአንጎል ነው፣ መድኃኒቱ አለ፣ አለቀ። ስለቱን ራሱ ማስቀረት ነው።

ገንደ ቆሬ፦
አቦ አንተ ደግሞ! የሰው እናት ስለቷን አስቀሪ ተብላ ትሰማሃለች? ጭራሽ ኪኒኑን ትጥለዋለች። እኛ ቤትም የአክስቴ ልጅ እንዲሁ ነው፣ ሼኩ ቁርአን ቀርተውበታል፣ ዱዓም ተደርጎለታል። ግን ሼኩ ራሳቸው ናቸው "መድኃኒትህን እንዳትተው፣ ግመልህን እሰርና በአላህ ተወከል" ያሉት። ወላሂ ከዚያ ቀን ወዲህ አያቴ ናት ኪኒኑን ሰዓት ጠብቃ የምታቀብለው። የኛም ልጅ ግን ጫት ይዞ ሲያነጋ ነበር የሚወድቀው፣ እሱን ማስተው ከሁሉም በላይ አስቸገረን።

ወለተ ማርያም፦
ልክ ነው፣ እናትሽ ካንቺ አትሰማም። የንስሐ አባታችሁ ጋ ሂጂ፣ ግን ብቻሽን ቀድመሽ። የተባለችውን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ንገሪያቸው፣ ከዚያ ቤት መጥተው ጸሎት ያድርሱና ራሳቸው ይንገሯት። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል፣ ካህን ሲያነበው ሌላ ነው። አቡነ ጳውሎስም የኤችአይቪ ታማሚዎች መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር እንዲወስዱ በአደባባይ ተናግረው ነበር፣ የዚያን ጊዜም "አይስማሙም" የሚል ሞልቶ ነበር። እኔ በጠበል አምናለሁ፣ ተጠምቄም ድኛለሁ። "ኪኒን አቁም" የሚል ቃል ግን ከየት እንደሚያመጡት አላውቅም።

የከዚራዋ፦
አመሰግናለሁ፣ ነገ ማለዳ አባ ጋ እሄዳለሁ። ድንገት መንገድ ላይ ቢጥለውስ? እናቴ ክብሪት ጭራ ታሸተዋለች።

ነርስ ከሐረር፦
ክብሪቱ ይቅር፣ ፊቱን ከማቃጠል ሌላ ጥቅም የለውም። በጎኑ አስተኙት፣ ከጭንቅላቱ ሥር ነጠላ አድርጉ፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ፣ ሳይነቃ ውኃ አታጠጡት፣ ጠበልም ቢሆን። ሰዓት ያዢ። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ይዛችሁት ሩጡ። የኪኒኑን ብልቃጥ አንቺ ቦርሳ ውስጥ ያዢው፣ የሚወስደውን ሲጠይቁሽ እንድታሳዪ።