የፈረስ ውድድር ኮሜንታተሮች ቀጥታ ላይ እንዴት ነው የሚሳሳቱት?

ጥያቄ፦ ሰላም ሰዎች፣ የ2009ኙን (በፈረንጆቹ) የኬንታኪ ደርቢ (የአሜሪካ ትልቅ የፈረስ ውድድር) ቪዲዮ እያየሁ ነበር። ማይን ዛት በርድ የሚባለው ፈረስ የውስጡን አጥር ታክኮ ሁሉንም አልፎ እየመራ ኮሜንታተሩ ቶም ደርኪን ስሙን የጠራው በጣም ዘግይቶ ነው። ያን የሚያህል ባለሙያ እንዴት አላየውም?

መልስ፦ ማንም ስላልጠበቀው ነዋ። 50 ለ 1 የተገመተ (ማለትም በአቋማሪዎች ግምት የማሸነፍ ዕድሉ በጣም ትንሽ የሆነ) ፈረስ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ከሁሉም ኋላ ነበር፣ ኮሜንታተሩ ደግሞ ባይናኩላሩን ፊት ፊት ያሉት ላይ ነው የሚያደርገው፣ ትራኩ ጭቃ ነበር፣ ጋላቢው ካልቪን ቦሬል ደግሞ በጠባብ ቀዳዳ ሾልኮ ነው የወጣው። ስሙ ሲጠራ ርቆ ሄዷል።

መልስ፦ የ1947ቱ ፕሪክነስ (እሱም የአሜሪካ የፈረስ ውድድር ነው) ይብሳል። ኮሜንታተሩ ክሌም ማካርቲ በሬዲዮ ጄት ፓይለት የሚባለው ፈረስ አሸነፈ አለ፣ ያሸነፈው ግን ፎልትለስ የሚባለው ነው። ተመልካቹ እይታውን ጋርዶት ስለነበር ፈረሶቹ ተመልሰው ሲታዩት ቦታ መቀያየራቸውን አላወቀም። ግን እዛው አየር ላይ ስህተቱን አምኖ አረመ፣ እኔ በጣም ነው የማከብረው።

መልስ፦ እኔ ደግሞ ያልተሳሳተውን ላንሳ። የ1967ቱ ግራንድ ናሽናል (የእንግሊዝ የመሰናክል ዝላይ የፈረስ ውድድር) 23ኛው መሰናክል ላይ ፈረሶቹ ተጋጭተው ተደበላልቀው ሲቆሙ ኮሜንታተሩ ማይክል ኦሄር ከመሀል ሾልኮ የወጣውን ፎይናቮንን ለይቶ ጠራው፣ ያውም 100 ለ 1 የተገመተ ፈረስ! ኮሜንታተሮች የጋላቢዎቹን ልብስ ቀለም ከውድድሩ በፊት ካላጠኑ እንደዛ አይነት ትርምስ ውስጥ ማንንም መለየት አይቻልም። ጭንቅላታቸው ደግሞ ቀጣዩ ውድድር ሲመጣ ያንን ሁሉ ረስቶ አዲስ መያዝ አለበት፣ ብዙው የስም ማምታታት የሚመጣው ከዚህ ይመስለኛል።