‹ኦኩፔሽን›፣ ‹ፕሮፌሽን› እና ‹ጆብ ታይትል› በአንድ ቅጽ ላይ ሲመጡ ምን ይሞላል?

ጥያቄ (ከፒያሳ)
ጤና ይስጥልኝ። በአካውንቲንግ በመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቄ፣ በአሁኑ ጊዜ ፒያሳ በሚገኝ አንድ ሆቴል በገንዘብ ተቀባይነት እሠራለሁ። አራት ኪሎ ከተለጠፉት ክፍት የሥራ ቦታዎች ለአንዱ ለማመልከት የእንግሊዝኛ ቅጽ ስሞላ ‹ኦኩፔሽን›፣ ‹ፕሮፌሽን›፣ ‹ጆብ ታይትል› እና ‹ዎርክ ኤክስፒሪየንስ› የሚሉ አራት ባዶ ቦታዎች አጋጠሙኝ። በሁሉም ላይ ‹ካሸር› ብል የተማርኩት ትምህርት ዋጋ ያጣል፤ በሁሉም ላይ ‹አካውንታንት› ብል ደግሞ የልምድ ማስረጃዬ ያጋልጠኛል። የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ምላሽ 1 (የሰው ሀብት አስተዳደር ሠራተኛ፣ ካዛንቺስ)
‹ጆብ ታይትል› በቅጥር ደብዳቤዎ ላይ «የሥራ መደቡ መጠሪያ» ተብሎ የሰፈረው ስለሆነ፣ ያለ አንዳች ማሳመር ‹ካሸር› ብለው ይሙሉት፤ እኛ ከልምድ ማስረጃው ጋር የምናመሳክረው ይህንኑ ነው። ‹ኦኩፔሽን› ከዚህ ሰፋ ይላል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባጸደቀው ምደባ መሠረት ‹ጆብ› አንድ ሰው የሚያከናውናቸው ተግባራትና ኃላፊነቶች ሲሆኑ፣ ‹ኦኩፔሽን› ደግሞ ዋና ዋና ተግባራቸው እጅግ የሚመሳሰል ‹ጆቦች› በአንድነት የሚጠሩበት ነው። ምደባው 10 ዐበይት ክፍሎችና 436 ዝርዝር ምድቦች አሉት፤ ካሸር በ5ኛው ማለትም በአገልግሎትና ሽያጭ ክፍል፣ አካውንታንት ግን በ2ኛው ማለትም በከፍተኛ ባለሙያዎች ክፍል ይገኛሉ። ስለዚህ ዛሬ የሚተዳደሩበትን የሚጠይቀው ‹ኦኩፔሽን› ላይም መልስዎ ‹ካሸር› ነው። ትምህርትዎ የሚታየው ‹ፕሮፌሽን› ላይ ነው፤ ቃሉ ረዘም ያለ ትምህርትን፣ ብዙ ጊዜም ፈቃድን የሚጠይቅ ሙያን ስለሚያመለክት ‹አካውንቲንግ› ብለው ይጻፉ።

ምላሽ 2 (ኦዲተር፣ ሜክሲኮ)
ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ እስማማለሁ፤ ሆኖም ‹ሰርቲፋይድ› (የተመሰከረለት) የሚለውን ቅጽል እንዳይጨምሩበት አደራ። ይህ ስያሜ በዲግሪ ብቻ የሚገኝ ሳይሆን፣ ሙያውን በሚቆጣጠረው በኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ዘንድ መመዝገብን የሚጠይቅ ነው።

ምላሽ 3 (የእንግሊዝኛ መምህር፣ አራት ኪሎ)
‹ዎርክ› የማይቆጠር ስም በመሆኑ «ኤ ዎርክ» አይባልም፤ የሚቆጠረው ‹ጆብ› ነው። ‹ዎርክስ› ሲባል ትርጉሙ ወደ ድርሰቶች ወይም ወደ ግንባታ ሥራዎች ይሄዳል። በስፋትም ‹ዎርክ› ይበልጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ጉባኤ ለራስና ለቤተሰብ የሚደረገውን ያለ ክፍያ የሚከናወን ሥራ ጭምር በ‹ዎርክ› ውስጥ አካቶ፣ ለክፍያ ወይም ለትርፍ የሚሠራውን ብቻ ‹ኢምፕሎይመንት› ብሎታል። ስለዚህ ተማሪ ሳሉ ያለ ደመወዝ የሠሩት የተግባር ልምምድ ካለ ‹ዎርክ ኤክስፒሪየንስ› ሥር ሊገባ ይችላል፤ ማስታወቂያው «ከምረቃ በኋላ» የሚል ከሆነ ግን አይቆጠርልዎትም። በማመልከቻ ደብዳቤዎ ስለ ወደፊት የሙያ ጉዞዎ የሚጽፉ ከሆነም ‹ከሪር› (career) የሚለው መካከሉ ላይ በአንድ ‹አር› እና በሁለት ‹ኢ› እንደሚጻፍ ልብ ይበሉ፤ ብዙዎቻችን በምንጠራው መንገድ ‹ካሪየር› (carrier) ብለው ከጻፉት ዕቃ አጓጓዥ ይሆናሉ።

ጠያቂው
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በአንድ የሂሳብ ሥራ ቢሮ የሠራሁበት የልምምድ ደብዳቤ አለኝ፤ ነገር ግን ፊርማ እንጂ ማኅተም የለበትም። ይያዝልኛል?

ምላሽ 1
ማኅተም ከሌለው አብዛኛው መሥሪያ ቤት አይቀበለውም። ቢሮው አሁንም ካለ፣ ቅጹን ከማስገባትዎ በፊት ሄደው ያስመቱ።