የቤል ፈተና ለአይንስታይን ጥያቄ መልስ ሰጥቷል ማለት ይቻላል?

የጅማው ተማሪ፦
ጤና ይስጥልኝ። በጅማ የፊዚክስ ተማሪ ስሆን፣ አይንስታይን፣ ፖዶልስኪና ሮዘን እ.ኤ.አ. በ1935 ያቀረቡት መከራከሪያ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። ከአንድ ምንጭ የወጡ ሁለት ቅንጣቶች ከተራራቁ በኋላ፣ አንደኛውን ብቻ በመለካት የሌላውን ውጤት ሳይነኩት በእርግጠኝነት መተንበይ ከተቻለ፣ ያ ውጤት ቀድሞውኑ እዚያው ነበረ ማለት ነው፤ የኳንተም ሜካኒክስ ቀመር ይህን ስለማይዝ ሙሉ አይደለም ይላሉ። ከአንድ ጥንድ ጫማ አንዱ እግር ወደ አጋሮ፣ ሌላው ወደ በደሌ ቢላክ፣ አጋሮ ላይ የግራውን ያገኘ ሰው በደሌ የደረሰው የቀኙ መሆኑን ወዲያው ያውቃል፤ በመካከላቸው የተላለፈ ነገር ግን የለም። ፎቶኖችስ (የብርሃን ቅንጣቶች) እንደዚሁ የማይሆኑት ለምንድን ነው?

መምህር ከሄርማታ፦
ሁለቱ ወገኖች ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ልኬት የሚያደርጉ ቢሆን ኖሮ የጫማው ምሳሌ በቂ ይሆን ነበር። ጆን ቤል እ.ኤ.አ. በ1964 ያሳየው፣ ልዩነቱ የሚወጣው የተለያየ ልኬት ሲመርጡ መሆኑን ነው። ሁለት የተቆራኙ ፎቶኖች በተቃራኒ አቅጣጫ ይጓዙ፤ በየመድረሻቸውም ወደ 0፣ 60 ወይም 120 ዲግሪ የሚዞር ፖላራይዘር (በተወሰነ አቅጣጫ የሚርገበገብ ብርሃንን የሚያሳልፍ ማጣሪያ) ይጠብቃቸው። ፎቶኑ ወይ ያልፋል፣ ወይ ይታገዳል። ሁለቱ ፖላራይዘሮች በአንድ ማዕዘን ላይ ሲሆኑ ውጤታቸው ምንጊዜም አንድ ነው። ይህን እንደ ጫማው ለማስረዳት፣ እያንዳንዱ ጥንድ ለሦስቱም ማዕዘኖች የተዘጋጀ መልስ ይዞ ከምንጩ መነሳት አለበት። ነገር ግን ማዕዘኖቹ ሦስት፣ መልሶቹ ደግሞ ሁለት ብቻ በመሆናቸው፣ ቢያንስ ሁለት ማዕዘኖች የግድ አንድ መልስ ይጋራሉ። ስለዚህ ሁለቱ ወገኖች የተለያዩ ማዕዘኖችን በዘፈቀደ ሲመርጡ፣ ውጤታቸው ቢያንስ ከሦስት ጊዜ አንዴ መግጠም አለበት። ኳንተም ሜካኒክስ የሚተነብየው ግን የ60 ዲግሪ ኮሳይን ካሬን፣ ማለትም ከአራት ጊዜ አንዴ ብቻ ነው። የተዘጋጁትን መልሶች እንዴትም ቢደለድሏቸው ይህ ክፍተት አይዘጋም። በእኔ እምነት፣ በዚህ ያህል ትንሽ ሒሳብ ይህን ያህል ጥልቅ ነገር የተገኘበት ሌላ ቦታ በፊዚክስ ውስጥ የለም።

ኪቶ፦
ተፈጥሮም የወገነችው ከአንድ አራተኛው ጎን ነው። ፍሪድማንና ክላውዘር እ.ኤ.አ. በ1972፣ አስፔና ባልደረቦቹ በ1982 የቤል ገደብ፣ ማለትም የተዘጋጁ መልሶች ሊያልፉት የማይችሉት እንደ አንድ ሦስተኛው ያለ ወሰን፣ እንደሚጣስ አሳዩ። በዴልፍት በ2015 የተደረገው ሙከራ ደግሞ 1.3 ኪሎ ሜትር በተራራቁ ቤተ ሙከራዎች ውስጥ በአልማዝ የተያዙ ኤሌክትሮኖችን ተጠቅሞ፣ በአካባቢያዊ እውናዊነት (ውጤቶች ቀድመው የተወሰኑ ናቸው፣ ሩቅ ያለ ነገርም በቅጽበት አይነካቸውም በሚለው አመለካከት) ከ2 ሊበልጥ የማይችለውን፣ ከውጤቶቹ መግጠም የሚሰላ ሌላ ቁጥር 2.42 ሆኖ አገኘው። አስፔ፣ ክላውዘርና ዛይሊንገር የ2022ን የኖቤል ሽልማት ያገኙት በዚሁ ዘርፍ ሥራቸው ነው።

አንባቢ ከአዲስ አበባ፦
ከዚህ ተነስቶ ኳንተም ሜካኒክስ ሙሉ መሆኑ ተረጋገጠ የሚል ካለ ግን አልስማማም። ዴቪድ ቦም እ.ኤ.አ. በ1952 ያቀረበው ንድፈ ሐሳብ ለእያንዳንዱ ቅንጣት ምንጊዜም የተወሰነ ቦታ ይሰጣል፤ የኳንተም ሜካኒክስን ትንበያዎችም ይጠብቃል። ዋጋው አካባቢያዊነትን መተው ነው፤ የአንዱ ቅንጣት እንቅስቃሴ በሩቅ ባለው ሌላው ቅንጣት ላይ በቅጽበት ይመሠረታል፤ ሆኖም በዚህ መንገድ መልእክት መላክ አይቻልም። እንግዲህ ሙከራዎቹ የዘጉት፣ አይንስታይን የጎደለ ነው ያለውን አካባቢያዊነትን ሳይነኩ የመሙላት መንገድን ነው። የጎደለ ነገር አለ ወይ የሚለው ጥያቄ በራሱ እስካሁን ክፍት ነው።

የጅማው ተማሪ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ የማዕዘኖቹ ምርጫ ራሱ ከፎቶኖቹ ጋር አስቀድሞ የተያያዘ ቢሆንስ?

መምህር ከሄርማታ፦
ያ ግምት በሙከራ ፈጽሞ ሊወገድ አይችልም፤ በጊዜ ወደ ኋላ እንዲሸሽ ማስገደድ ግን ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ሙከራ የልኬቱን ምርጫ የወሰነው ከሩቅ ኩዌዛሮች (እጅግ ደማቅ ከሆኑ የጋላክሲ እምብርቶች) የመጣ ብርሃን ነበር፤ ገደቡም ተጥሷል። በመሆኑም እንዲህ ያለ ትስስር ካለ፣ የተጀመረው ቢያንስ ከ7.8 ቢሊዮን ዓመታት በፊት መሆን አለበት።